ከአያት ወዲያ ያለ ስቱዲዮ፦ ሠዓሊንና የጋለሪ ባለቤትን እንዴት እናነጋግር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣፎ አካባቢ ስለሚሠራ አንድ ሠዓሊ ጽፌ ነበር። የዚያን ዓመት ሥራዎቹ ጨለም ያሉ ነበሩ። ቡናማ፣ ጥቁር፣ የደፈረሰ ሰማያዊ። እኔም "ሠዓሊው ወደ ውስጡ የተመለሰበት የሐዘን ዘመን" ብዬ አሽሞንሙኜ ጻፍኩት። ጽሑፉ እንደወጣ ደወለልኝ። አልተቆጣም። "ወንድሜ፣ ሐዘን እንኳ አልነበረም፤ ነጭ ቀለም ጠፍቶ ነው" አለኝ። ከውጭ የሚመጣው ነጭ አክሪሊክ ለወራት ገበያ ላይ አልነበረም። ያለ ነጭ ሲሠራ ከረመ። በዚያው ለመደው፣ ወደደውም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አብረን ተቀምጠናል። "ይህ ምን ማለት ነው?" እያልኩ አደረቅሁት እንጂ "ቀለሙን ከየት አመጣኸው?" ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን ከእጁ፣ ማለትም ከሚሠራበት ቀለምና እቃ ነው የምጀምረው። ትርጉሙ ከመጣ በኋላ ይመጣል፤ ካልመጣም ይቅር። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ከዚያ ጥፋትና ከሌሎችም የተለቀመ ነው።

"ለምን ከተማ ዳር?" የሚል ካለ፣ ሠዓሊ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ሁለት ሜትር ሸራ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አይቆምም፤ የመሀል ከተማ ኪራይ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ አያት፣ ጣፎ፣ ጎሮ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ሱሉልታ መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሳሎኑን ስቱዲዮ ያደረገ አለ። መጋዘን ለሦስት የተከራዩ አሉ። ግቢው ጥግ በቆርቆሮ ቀልሶ የሚሠራም አለ። ጋለሪዎቹ ግን በአብዛኛው ወደ መሀል ናቸው። ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ጉዞ አለባችሁ ማለት ነው።

1. መጀመሪያ ሄዳችሁ እዩ

ስልክ ላይ ሁለት ሜትሩም ሃያ ሳንቲሜትሩም ሥዕል እኩል ነው። የቀለሙ ውፍረት አይታይም፤ የተፋቀውና የተደረበው አይታይም። ስለዚህ ሰውየውን ከማግኘታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሥራውን በአካል እዩ። ጋለሪ ውስጥ ከሌለ ሆቴል ወይም ባንክ ግድግዳ ላይ ሊኖር ይችላል።

ሥዕሉ ፊት አሥር ደቂቃ ቁሙ። በሰዓት ያዙት። አምስተኛው ደቂቃ ላይ እጃችሁ ወደ ስልክ መሄዱ አይቀርም፤ እንዳትሸነፉ። ከዚያ ያያችሁትን አምስት ነገር ጻፉ። "ውብ"፣ "ጥልቅ"፣ "አስደማሚ" አይቆጠሩም። "ግራ ጠርዙ ላይ ሸራው ባዶ ነው"፣ "ፊቶቹ ዐይን የላቸውም"፣ "ከሥሩ ሌላ ሥዕል የነበረ ይመስላል" ዓይነት ይሁን። ጥሩ ጥሩ ጥያቄዎቻችሁ የሚወጡት ከዚህች ወረቀት ነው።

ለሥዕል አዲስ ከሆናችሁ የዐይን ማሟሻ ያስፈልጋችኋል። ስድስት ኪሎ አካባቢ በሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እዩ። ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፤ ሥዕሎችም አሉት። የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ከሥሩ ቁሙ። ስለ ትምህርት ቤቱም ትንሽ እወቁ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ገብረ ክርስቶስም ሌላው ስመ ጥር ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያንም እዚያ አስተምረዋል። የምታነጋግሩት ሰው በዚያ በር ያለፈ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። "በማን ተጽዕኖ ሥር ነህ?" ስትሉት ይኮሳተራል። "ሞዴል ስትስል ከኋላህ ቆሞ የሚያርምህ ማን ነበር?" በሉትና ግማሽ ሰዓት ያወራችኋል።

2. ስልኩ

ደውሉ። መልእክት ብቻ ልኮ መጠበቅ አይሠራም፤ ሲስል ስልኩን የሚያጠፋ ብዙ ነው። በሚያውቀው ሰው በኩል ከሄዳችሁ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ማን እንደሆናችሁ፣ ጽሑፉ የት እንደሚወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደምትፈልጉ ንገሩት። "አምስት ደቂቃ ብቻ ነው" አትበሉ። ውሸት ነው፤ እሱም ያውቃል። ሁለት ሰዓት በሉ።

አጠራር ላይ ጠንቀቅ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉትን "ጋሼ" ወይም "እትዬ" ማለት ያስኬዳል። ያስተማሩ ከሆነ "መምህር" ሲባሉ ደስ ይላቸዋል። እኩያችሁም ቢሆን የመጀመሪያው ስልክ በ"እርስዎ" ይሁን። "ኧረ አንተ በለኝ" ሲላችሁ ቀይሩ። "አርቲስት" መባል የማይወዱም አሉ፤ ቃሉ እኛ ዘንድ ለተዋናዩም ለዘፋኙም ስለሆነ "ሠዓሊ" ወይም "ቀራፂ" ይሻላል።

አንዴ አንዱ "ስንት ልክፈል?" አለኝ። ደነገጥኩ። ለካ ከእኔ በፊት የመጣ ሰው አስከፍሎታል። በዚያው ስልክ ላይ ግልጽ አድርጉት፤ አይከፍልም፣ አትከፍሉም።

3. መንገዱ

አድራሻውን በካርታ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ግን በዚያ ብቻ አትተማመኑ። አዲስ ሰፈር ውስጥ ካርታው ሜዳ ላይ ያወርዳችኋል። "ከባጃጁ ወርጄ ፊቴን ወዴት ላድርግ?" በሉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ብሎክና የቤት ቁጥር ያዙ። ባቡሩ አያት ድረስ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ሚኒባስና ባጃጅ ነው።

ሰዓቱን ጠዋት ከ3 እስከ 5 አድርጉት። ብርሃኑ ለማየትም ለፎቶም ጥሩ ነው፤ ሰውም አልደከመም። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ እንዳትይዙ አጥብቄ እመክራለሁ። ጭቃው ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ሐምሌ ላይ በቆርቆሮ ጣራ ሥር አርባ ደቂቃ ጨዋታ ቀድቼ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ያገኘሁት ዝናቡን ነው። ሰውየው በሩቅ እንደ ንብ ይሰማል።

ባዶ እጅ አይኬድም። ግማሽ ኪሎ ቡና ወይም ሙዝ ይበቃል። እኔ አሁን አሁን ካገኘሁ አንድ ቱቦ ነጭ ቀለም እይዛለሁ።

4. ስትገቡ

መቅረጫው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። መጀመሪያ ዙሩና እዩ፤ ወለሉን፣ ቡሩሹ የተነከረበትን ጣሳ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቁራጭ ወረቀት ጭምር። የተቀባ ነገር እንዳትደገፉ፤ የዘይት ቀለም ለቀናት አይደርቅም። ጃኬት ያጠፋሁት በዚህ ነው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ሸራዎች ታያላችሁ። አትንኳቸው። "ይሄስ?" ብላችሁም አትጠይቁ። ያላለቁ፣ የከሸፉ ወይም የሆነ ታሪክ ያለባቸው ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ሆን ተብለው የዞሩም አሉ።

ቡና ከተፈላ እስከ በረካ ተቀመጡ። በአቦል የሚነገረውና በበረካ የሚነገረው አንድ አይደለም።

5. ጥያቄዎቹ

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው "ሥዕሉ የሚያስተላልፈው መልእክት ምንድን ነው?" የሚለው የለመድነው ጥያቄ ነው። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ይህንኑ ይጠይቃል። ሠዓሊውም የለመደ መልስ አለው፤ "ሰላም፣ ፍቅር፣ አብሮነት" ይላችኋል። ውሸት አይደለም። ግን ለማንኛውም ሥዕል ይሠራል፣ ለማንኛውም ሥዕል የሚሠራ መልስ ደግሞ ስለዚህኛው ሥዕል ምንም አይነግርም።

ወደ እጅ መልሱት። "ይህን ሸራ ማን ወጠረው?" "ትናንት ስትገባ መጀመሪያ የነካኸው የቱን ነው?" "ይህ ቦታ ስንት ጊዜ ተደረበበት?" "ቀለም ሲጠፋ ምን ታደርጋለህ?" "ሸራ ሲወደድስ? አቡጀዲ ሞክረህ ታውቃለህ?" ተራ ይመስላሉ። ግን ሰው ስለሚያውቀው ነገር ሲጠየቅ ይፍታታል፤ ሠዓሊ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እቃውን ነው።

እቃው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይዞ ይመጣል። ዘሪሁን የትምጌታን ውሰዱ፤ በቀርከሃ ፍልጦች ላይ ስለው የታወቁ ሠዓሊ ናቸው። ሥዕሉ ከላይ እስከ ታች በፍልጦቹ መስመር ይከፋፈላል። ስለ ፍልጡ ሳትጠይቁ ስለ ሥዕሉ ምን ትጠይቃላችሁ? ኤልያስ ስሜ ከተጣለ ኮምፒውተርና ስልክ የወጣ ሽቦና ሰርኪት ቦርድ እየገጠመ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። "ዓለም በቴክኖሎጂ ስለ መተሳሰሯ ምን ትላለህ?" ከማለት "ይህን ሽቦ ከየት ትገዛለህ? በኪሎ ነው በቁጥር?" ማለት መርካቶ ድረስ ይወስዳችኋል።

ሲሞቅ ወደሚከብዱት ግቡ። "መጨረስህን በምን አወቅህ?" እኔ የምወደው ይሄን ነው። አንዷ ሠዓሊ "ልጄ መጥታ ስታየው ካልጠየቀችኝ አልቋል ማለት ነው" ብላኛለች። "ብትጠየቅ የማትሸጠው የትኛውን ነው?" የሚለውም ጥሩ ነው። "ያጠፋኸው ሥራ አለ?" የሚለውን ግን ፊቱን እያያችሁ ጠይቁ፤ ገና ቁስሉ ያልደረቀ ይኖራል።

ዝም ሲል ዝም በሉ። ሥዕሉን እያየ ዝም ካለ እያሰበ ነው። እኛ ጸጥታ ስለምንፈራ ወዲያው ሌላ ጥያቄ እንወረውራለን፤ ሊወጣ የነበረውም ተመልሶ ይገባል። እኔ የእጄን ጣቶች በልቤ እቆጥራለሁ። አሥር ሳይሞላ ብዙ ጊዜ ራሱ ይቀጥላል።

ፖለቲካ ያለበት ሥራ ሊገጥማችሁ ይችላል። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ሥዕሉንም በሰምና ወርቅ ይሠራዋል። ወርቁን ካልነገራችሁ ሰሙን ጻፉ። እናንተ ፈልቅቃችሁ ብታወጡት ጣጣው የሚመጣው በእሱ ላይ ነው። "ይሄ እንዳይጻፍ" ያለውም አይጻፍም። ስሙን ቀይሮ መጻፍም አይሆንም፤ የሥዕሉ ዓለም ትንሽ ነች፣ በሁለት ቀን ይታወቃል።

6. መቅረጫው

አስፈቅዳችሁ ክፈቱ። ስልክ ከሆነ የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ሲገባ ቀረጻው እንዳይቋረጥ። መጀመሪያ ላይ ቀኑንና ቦታውን በራሳችሁ ድምፅ ተናገሩ። ፓወር ባንክ ያዙ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

7. የጋለሪው ባለቤት

ሠዓሊውንና የጋለሪውን ባለቤት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አታነጋግሩ። አንድ ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው "ጋለሪው ስንት ፐርሰንት ይወስዳል?" ብዬ ጠየቅሁ። ሠዓሊው ጫማውን አየ። ባለቤቷ ወይን ልትቀዳ ሄደች። ሁለቱም ለወራት ስልኬን አላነሱም፤ እውነታቸውን ነው።

ለየብቻ፣ በጋለሪው ጸጥ ባለ ቀን፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሂዱ። አስቀድማችሁ ግን ቤቱ የምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ። የብዙ ሠዓሊ ሥራ ደርድሮ የሚሸጥ አለ። ቦሌ መንገድ ላይ ለዓመታት ከምግብ ቤት ጋር ሲሠራ የኖረው ማኩሽ ለዚህ ይጠቀሳል። ጥቂት ሠዓሊዎችን ይዞ ወደ ውጭ ገበያ የሚወስድም አለ። አዲስ ፋይን አርት በ2008 ዓ.ም. እዚህ ተጀምሮ በኋላ ለንደንም ከፍቷል። መካኒሳ በኩል ያለው ዞማ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በሩን የከፈተ ሙዚየም ነው። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በጭቃና በጭድ ያነጹት ስለሆነ እዚያ ስለ ሽያጭ ሳይሆን ስለ ግድግዳው ነው የሚጠየቀው። ለሦስቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ መሄድ አያዋጣም። ሥራ መርጦ ኤግዚቢሽን የሚያዋቅረውን ሰው ካገኛችሁ ደግሞ "ኩሬተር" ልትሉት ትችላላችሁ፤ "አጋፋሪ" የሚለውን ቃል የሚመርጡም አሉ።

ባለቤቶቹ ዘንድም ከእጅ ጀምሩ። እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው። "ይህን ሥራ ለምን እዚህ ሰቀልሽው?" "ምን ያህል ጊዜ ቆየ?" "ሳይሸጥ ቀርቶ ማውረድ ያቃተሽ ሥራ አለ?" የመጨረሻው ጥያቄ ነጋዴዋን ትቶ ሥዕል ወዳዷን ይጠራል። እኔ አንዴ ጠይቄው ባለቤቷ ተነስታ ከጓዳ የሆነ ትንሽ ሥራ ይዛ መጣች። አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችው። "የሠራው ልጅ አሁን አይስልም" አለች።

ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አጠያየቁ ነው። "ስንት አተረፋችሁ?" አይባልም። "አሠራሩ እንዴት ነው?" ይባላል። ብዙ ጊዜ ሥራው በአደራ ይቀመጣል። እስኪሸጥ የሠዓሊው ነው፤ ሲሸጥ ጋለሪው ድርሻውን ያነሳል። በጋለሪ ዓለም ከ30 እስከ 50 በመቶ የተለመደ ነው። ለውጭ ሰው ብዙ ይመስላል። ፍሬሙን፣ ከገላን እስከ ቦሌ የጭነቱን ዋጋና የመክፈቻውን መስተንግዶ ማን እንደሚችል ስትጠይቁ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ ውል ላይ አሉ ወይ? መልሱ "እንተማመናለን" ከሆነ እሱም ራሱ አንድ ታሪክ ነው።

ከስቱዲዮ በቀጥታ ስለ መሸጥም ጠይቁ። ሠዓሊው ቤቱ ለሚመጣ ገዢ አርክሶ ሲሸጥ ጋለሪው ይከፋዋል። ሠዓሊው ደግሞ "ገንዘቤ ዘገየ" ይላል። ሁለቱንም ስሙ። ግን የአንዱን ለሌላው አትንገሩ። ነገር አመላላሽ ተብላችሁ ከወጣችሁ የሁለቱም በር ተዘጋ።

ሥራውን ከአገር ይዞ መውጣት የሚፈልግ ገዢ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን እንደሚያወጣም አትርሱ። ባለቤቶቹ ስለዚህ ወረቀት የሚያወሩት ብዙ አላቸው።

8. ፎቶና ፈቃድ

ሥዕል ፎቶ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ። ከመስኮቱ በሚመጣ ብርሃን፣ ካሜራውን ከሥዕሉ መሀል ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። መስታወት ካለበት ፎቶው በራሳችሁ ነጸብራቅ ይበላሻል፤ ጥቁር ልብስ ልበሱ።

ለማተም ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም አባዝቶ የመጠቀም ዓይነቱ መብት፣ በሠዓሊው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሥዕሉ ተሽጦ የሰው ሳሎን ውስጥ ቢሰቀል እንኳ ሸራው ስለተሸጠ ብቻ የማባዛቱ መብት አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ገዢው "አትም" ስላላችሁ ብቻ አትተማመኑ። ሠዓሊውን ጠይቁ፤ በሕይወት ከሌለ ቤተሰቡን። አጭር ጽሑፍ በቴሌግራም ልኮ "ፈቅጃለሁ" ማስባል ከቃል ብቻ ይሻላል።

9. ስትጽፉ

ለያንዳንዱ ሥራ ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ ምን በምን ላይ እንደተሠራና መጠኑን ያዙ። መጠን ቁመቱ ይቀድማል፣ ከዚያ ስፋቱ።

ዓመቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሸራው ጥግ ላይ "1988" የሚል ታያላችሁ። በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ደርግ ወድቋል። በፈረንጆቹ ከሆነ ገና ሥልጣን ላይ ነው። ያው አንድ ሥዕል በሁለቱ አቆጣጠር ሁለት የተለያየ ሥዕል ነው። አንዳንዱ ሠዓሊ ለአገር ውስጥ በእኛ፣ ለውጭ በእነሱ ይፈርማል። ሳትጠይቁ አትጻፉ።

ርዕሱም እንደዚያው። ጋለሪው ለካታሎግ ያወጣው የእንግሊዝኛ ስም ሊሆን ይችላል። "መጀመሪያ በአማርኛ ምን ብለህ ጠራኸው?" በሉ። አንድ ካታሎግ ላይ "ዝምታ" ተብሎ የተተረጎመ ሥራ ሠዓሊው ራሱ "ኩርፊያ" ነው የሚለው። ኩርፊያና ዝምታ አንድ አይደሉም፤ ያገባ ሰው ይጠየቅ።

ንግግሩን ስትገለብጡ "እእእ"ውን አውጡ፤ አነጋገሩን ግን አታቃኑ። "ቀለሙ እምቢ አለኝ" ያለውን "ቀለሙን ለመቆጣጠር ተቸገርኩ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰውየው ከጽሑፉ ወጥቷል።

10. ከመውጣቱ በፊትና በኋላ

የተናገሩትን ክፍል ደውላችሁ አንብቡላቸው። ሙሉውን ጽሑፍ መላክ ግዴታ የለባችሁም፤ ግን ስም፣ ዓመት፣ ዋጋና የሰው ነገር ያለበትን አረጋግጡ። አስተያየታችሁን "አለስልሰው" ካሏችሁ በትህትና እምቢ በሉ። ሐቅ ከተሳሳተ ግን ሳታቅማሙ አርሙ። ያ ስለ ነጩ ቀለም የተደወለው ስልክ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ተደውሎ ቢሆን ኖሮ እኔም አልዋረድም ነበር።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ ያለ ሥራ ሂዱ። እኔ ጣፎ የተመለስኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቡና ጠጣን። ስለ ኪራይ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት አወራን። ልሄድ ስነሳ "ቆይ" አለና ወደ ግድግዳው ከዞሩት ሸራዎች አንዱን አዞረው። የዚያ ዓመት ሥራ ነው፤ ጨለማው መሀል ላይ አንዲት የጥፍር ታህል ነጭ አለች። "የመጨረሻዋ ጠብታ" አለኝ። "ቱቦውን በመቀስ ቀድጄ ነው ያወጣኋት።"

መቅረጫ አልያዝኩም ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የታክሲ ደረሰኝ በሚያህል ወረቀት ላይ ጻፍኩት። እና ማስታወሻ ደብተር ሁልጊዜ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊትም ውጡ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አያት የሚመልሳችሁ ባጃጅ ለማግኘት ትንገላታላችሁ።